የሰው ማሳ

ባጃጁ ሦስት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋባት፤ ትህትና ግን ፈቀቅ አላለችም። አንገቷን ቀና አድርጋ አባቷን እያየች ነበር።

አባቷ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ባነሩ እነሱ ቤት ካለው በር ይሰፋል። ከኋላው ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ፣ በእጁ እቅፍ ሙሉ ዛላ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ እሷ እምብዛም የማታውቀው ፈገግታ አለ። ከእግሩ ሥር በትልልቅ ፊደል «ምርቴ ጨምሯል» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «የኩታበር አርሶ አደር»። ስሙ አልተጻፈም።

ባነሩ ከተሰቀለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የመጀመሪያ ቀን ስታየው ደንግጣ ደብተሯ ከእጇ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድም ስትመለስም በዚያ በኩል መዞር ለመደች። አጭሩ መንገድ በሌላ አቅጣጫ ነው። እሷ አሥር ደቂቃ ቀድማ እየወጣች ትዞራለች፤ ጠዋት «እንደምን አደርክ»፣ ከሰዓት «ደህና ዋልክ» ትለዋለች፣ በሆዷ። ደሴ ከገባች ጀምሮ ሳይሰለቻት የምታየው ፊት ይኸው ብቻ ነበር።

የመጣችው መስከረም ላይ ነው። የመንደራቸው ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ ስለዚህ አባቷ አልጋዋን፣ አንድ ድስትና የዱቄት ጆንያ አስጭኖ ደሴ አምጥቶ አንዲት ክፍል ተከራየላት። አብራት የምትኖረው ልጅ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። ያኔ እስከ እሑድ ማታ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚባል የለም። ትህትናም ወደ አገሯ ለመሄድ ጠይቃ ነበር፤ ኩታበር ድረስ ሚኒባስ አለ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። አባቷ ግን በስልክ፣ ጥናትሽን ያዢ፣ ለበዓል ትመጫለሽ ብሎ ከለከላት። ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜም ከለከላት።

የናፈቃት ቤቱ ብቻ አልነበረም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እርሻውን ከአባቷ ጋር የያዘችው እሷ ናት። አርማለች፣ ጎልጉላለች፣ አጭዳለች። አባቷ እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ክረምት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ሞፈር ጨብጣለች። ሴት ልጅ እንዴት ታርሳለች ብለው መንደርተኞቹ ሳምንት ሙሉ አሙዋቸው፤ እህሉ ሲበቅል ተዉት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቸኝነቱ ሲከብዳት ከከተማው ጫፍ ወዳሉት የካሮትና የጎመን ማሳዎች ትወጣለች። የአክስቷ ልጅ የሰጣት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አላት። ቅጠል ፎቶ ታነሳለች፣ የተገለበጠ አፈር ታነሳለች፣ ጤዛ ያዘለ ጎመን ታነሳለች። ለማንም አታሳይም። ማታ ክፍሏ ውስጥ አንድ በአንድ ታያቸውና ትተኛለች።

ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው አቢጌል ናት። አቢጌል የከተማ ልጅ ናት፤ ተጫዋች፣ ለሰው ክፉ የማታስብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር የምትውል። ያን ቀን ከትምህርት ሲወጡ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በባነሩ በኩል አለፉ። ትህትና አባቴ ነው ለማለት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል አቢጌል ቀደመቻት።

«ይሄን ሰውዬ አያችሁት? ጥርሱን ልንቆጥርለት ነው እንዴ? ሲያካብድ!»

ልጆቹ ሳቁ። ትህትናም ሳቀች። ሳቁ ከጉሮሮዋ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ምን እንዳደረገች ገባት፤ የአባቷን ዓይን ማየት አቃታት። ስለዚህ ከፊቱ ሸሽታ ከኋላው ያለውን ማየት ጀመረች።

ከኋላው ጫፉ የተሰበረ ጽድ ቆሟል።

ያን ጽድ ታውቀዋለች። መብረቅ የሰበረው ነው፤ የቆመውም በጎረቤታቸው በጋሼ አግማስ ማሳ ድንበር ላይ ነው። የእነሱ ማሳ ከዚያ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ነው፤ አጠገቡ ዛፍ የለም። አባቷ የለበሰው ኮት ደግሞ ለንግሥ በዓል ካልሆነ ከሳጥን የማይወጣው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ብቻ ስታይ አንዱንም ልብ አላለችም። አባቷ የቆመው በሰው ማሳ ላይ ነው።

እሑድ አባቷ እንደ ወትሮው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለ። ስንዴው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ደህና ነው፣ ይኸው አጨዳ ላይ ነኝ አላት። ወንዙ ዳር ያለው የእኛስ ስትለው ወሬውን ቀየረ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማታል። ስለ ፈተናዋ ጠይቋት፣ ብርድ ልብስ እንዳትጥል መክሯት ዘጋ።

ባነሩ ታችኛው ጥግ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን ያነበበችው ሰኞ ነው። «ፎቶ፦ ወለላ፣ ኮምቦልቻ» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ በሆዷ ስታብሰለስለው ሰነበተች። ይህቺ ወለላ የምትባል ሴት አባቷን ውሸታም እንዳደረገችው እርግጠኛ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ደሴ በጉም ተሸፍና ሳለ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር።

ፎቶ ቤቱን ለማግኘት ሁለት ሰው ብቻ ነው የጠየቀችው። መግቢያው ላይ እንደማንኛውም ፎቶ ቤት የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ ተደርድሯል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ግድግዳው ሌላ ነው፤ የድንች ቅጠል፣ የገብስ ዛላ፣ ውሃ የያዘ ቦይ፣ የተሰነጠቀ አፈር። ትህትና የመጣችበትን ረስታ ቆማ ቀረች። እሷ ለማንም የማታሳየው ዓይነት ፎቶ እዚህ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል።

ወለላ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። ለጉርድ ፎቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አይደለም እትዬ» አለች ትህትና። «ደሴ ባነር ላይ ያለው ሰውዬ አባቴ ነው። የቆመበት ማሳ ግን የእኛ አይደለም። ለምን እንደዚያ አደረጉት?»

ወለላ በርጩማ ሳበችላት፣ ራሷም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ስምሽ ትህትና ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«አባትሽ ነገረኝ። እዚያ አቁሚኝ ያለኝም እሱ ነው።»

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንድ የግብርና ፕሮጀክት የአርሶ አደሮችን ፎቶ እንድታነሳ ልኳት ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚያ መንደር ደርሳ ነበር። ከተመረጡት ገበሬዎች አንዱ አባቷ ነው። ማሳው ላይ ስትደርስ ግን ስንዴውን ዋግ በልቶታል። ዋግ ሲመታ ትህትናም አይታ ታውቃለች፤ የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት አገዳው ላይ ይወጣል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል። ወለላ ልትመለስ ስትል አባቷ ኮቱን ለብሶ መጣ። ደሴ የምትማር ልጅ አለችኝ፣ ይሄን ካየች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፣ አግማስ ማሳው ላይ እንድቆም ፈቅዶልኛል አላት። ወለላም እሺ አለችው።

«ማድረግ አልነበረብኝም» አለች። «ገበሬ ሲለምን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እኔም ገበሬ ነበርኩ።»

ትህትና ቁጣዋን የምታሳርፍበት ጠፋት። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ወለላ አላባበለቻትም። ሻይ አስመጣችላትና ስለ ራሷ ማውራት ጀመረች፤ ምናልባትም ልጅቷ ፊቷን እስክታስተካክል ጊዜ ልትሰጣት።

የተወለደችው ደሴ ዙሪያ ነው። ባሏ በሃያ ሦስት ዓመቷ ሞተባትና መሬቱን ብቻዋን አሥራ አንድ ዓመት አረሰች፤ ድንችና ገብስ። ልጅ አልወለደችም። ከቤቷ እስከ ቀጣዩ ቤት ሩቅ ስለነበር ክረምት ላይ ከበሬዎቿ ጋር ስታወራ ትውል ነበር። አንድ ዓመት የድንቹ ቅጠል ይጠቁር ጀመር። ቅጠሉን ቀጥፋ ለባለሙያ ልታሳይ በእግሯ ከተማ ወጣች፤ እዚያ ስትደርስ ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር። ባለሙያው በጠወለገ ቅጠል ምንም ማወቅ አልችልም አላት። በማግስቱም ሌላ ወሰደች፣ ያም ጠወለገ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ስልክ ተውሳ ቅጠሉን ሳትቀጥፈው ፎቶ አነሳችው። የነጠብጣቡ መጠን እንዲታወቅ ከጎኑ አውራ ጣቷን አስቀመጠች። ባለሙያው ፎቶውን እንዳየ በሽታውን ነገራት፤ የድንቹም ግማሽ ተረፈ።

ከዚያ ጎረቤቶቿ የእኛንም አንሺልን እያሉ ይጠሯት ጀመር። ባለሙያዎቹም ሩቅ ያለ ማሳ ማየት ሲፈልጉ እሷ ጋ ይደውላሉ። ፎቶውን ከአውራ ጣቱ ያውቁት ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ አፈር አለ። ከዓመታት በኋላ ያገለገለ ካሜራ ገዛች፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠችና ኮምቦልቻ ገባች። አሁን ለሰብል ፎቶ ከወረዳ ወረዳ ትዞራለች።

«ደስ አይልም?» አለች ትህትና።

«ይላል። ግን ያኔም ብቻዬን ነበርኩ፤ አሁንም ብቻዬን ነኝ። ገበሬው የቢሮ ሰው ይለኛል፤ ቢሮው ገበሬ ይለኛል።» ሻይዋን ጨለጠችና ተነሳች። «ነይ፣ የማሳይሽ አለ።»

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎቶ ከፈተች። ከሩቅ የተነሳ ነው። ወንዙ ዳር ባለው ማሳ መሃል አባቷ ኮቱን እንደለበሰ ቁጢጥ ብሏል፤ ጀርባውን ሰጥቷል። ዙሪያው የጠቆረ፣ አንገቱን ያልደፋ ባዶ ስንዴ ቆሟል። ፎቶ እየተነሳ መሆኑን አላወቀም።

ወለላ ይህን ፎቶ ለማንም አልላከችም። ነገር ግን ፕሮጀክቱ ዋግ የሚቋቋም የስንዴ ዘር ለሚቀጥለው ክረምት ለየትኛው ቀበሌ እንደሚሰጥ ሊወስን ነው፤ በዋግ የተመቱ ቦታዎችን ፎቶ እስከ ማክሰኞ ይቀበላል። ከዚያ ቀበሌ እስካሁን የደረሰው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷ ፈገግታ። ዋግ የመታቸው ሌሎቹ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ቀድመው አጭደው ለከብት ሰጥተውታል።

«አባትሽ እንዳይወጣብኝ ብሎ አስምሎኛል» አለች ወለላ። «መሐላዬን ላፈርስ አልችልም። አንቺ ግን ልጁ ነሽ። ላኪው ካልሽኝ እልከዋለሁ። ተዪው ካልሽኝም እተወዋለሁ።»

ትህትና ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየች። ላኪው ብትል መንደሩ ዘር ሊያገኝ ይችላል፤ አባቷ ግን የደበቀውን ሁሉ በማያውቁት ሰዎች ፊት ይገለጥበታል። ተዪው ብትል ደግሞ ለክረምቱ ያው ዘር፣ ያው ዋግ ነው። ሁለቱንም ማለት አልቻለችም።

«ራሱን ልጠይቀው» አለች።

«አብሽሪ» አለቻት ወለላ። «ያሻሽን ያህል አስቢ። እስከ ማክሰኞ እጠብቅሻለሁ።»

በዚያው ቀን ወደ ደሴ ተመለሰች፤ ወደ ክፍሏ ሳትገባ የኩታበር ሚኒባስ ያዘች። ከኩታበር በእግሯ ስትሄድ መንገደኞች ሰላም ይሏታል፣ የማን ልጅ ነሽ የሚላት ግን የለም፤ እዚህ ያውቋታል። ያም ሆኖ ወደ ቤት ስትቀርብ እርምጃዋን ቀነሰች። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ከላይ በኩል የአጫጆች ድምፅ ሰማችና ወደዚያ ወጣች።

የጋሼ አግማስ ስንዴ ግማሹ ታጭዷል። አራት ሰዎች ተደርድረው ያጭዳሉ፤ የመጨረሻው አባቷ ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ረጥቧል። ከዳር ለብቻው ትንሽ የነዶ ክምር አለ፤ ለሰው ያጨደ ሰው ድርሻው መሆኑን ትህትና ስታየው አወቀች። አጨዳ ላይ ነኝ ያላት እውነቱን ነው። የማን አጨዳ እንደሆነ ብቻ አልነገራትም።

አባቷ ቀና ሲል አያት። ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። ሌሎቹ ሰላም ብለዋት ወደ ሥራቸው አጎነበሱ። እሱ ወደ እሷ መጣ፤ ግንባሯን ሳማት።

«በዓል ነው እንዴ?» አላት።

«ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር፣ አባዬ። እትዬ ወለላ ጋ።»

ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። አባቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ዘሩ፣ ስለ ማክሰኞው፣ ከኋላው ስለተነሳው ፎቶ ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማ። ትምህርቷን ትታ እንደማትመጣም ነገረችው፤ ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ እሱን ለማሳመን ይሁን ራሷን አላወቀችም።

«እኔስ ይሁን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አግማስ ግን ማሳውን የሰጠኝ ለክብሬ ብሎ ነው። ስሜ ከወጣ እሱም አብሮ ውሸታም ሊባል ነው። ስሜ አይነሳ እንጂ ቀሪውን ይላኩት።»

«ፎቶው ላይ አንተ አለህበት።»

አባቷ ቁልቁል ወደ ወንዙ አየ። «ለመሆኑ ያቺ ሴትዮ ከየት ነው ያነሳችው?»

«ከመንገዱ ላይ። ከሩቅ።»

«ከሩቅ ዋግ አይታይም። ድርቅም ሊሉት ይችላሉ።» ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። «ነይ።»

ቁልቁል ወደ ወንዙ ወሰዳት። ማሳቸውን ከብት ግጦታል። ጥጉ ላይ ግን፣ ውሃው አጠገብ፣ ዘግይቶ የተዘራ ትንሽ ቦታ ሳይበላ ቆሟል። አባቷ በርከክ ብሎ አገዳዎቹን በሁለት እጁ ገለጥ አደረገላት። ከቅጠሎቹ ሥር፣ ፀሐይ ባላገኘው በኩል፣ ዋጉ ገና ብርቱካንማ እንደሆነ ነበር።

«ከዚህ ጠጋ ብለሽ አንሺው» አላት። «ጥላሽ እንዳያርፍበት።»

ጠጋ አለች። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ዱቄቱ ቅንጣት በቅንጣት እስኪለይ ጠበቀች። አምስት ጊዜ አነሳች። አባቷ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ አገዳው እንዳይነቃነቅባት።

ሊመሽ ሲል አባቷ ወደ አጨዳው ተመለሰ፤ እሷ ኔትወርክ ፍለጋ ለብቻዋ ኮረብታው ላይ ወጣች። አባቷ እሑድ እሑድ የሚቆመው እዚህ መሆን አለበት፤ ሣሩ ተረግጦ መላጣ ሆኗል። ማንም የማይኖርበት፣ ነፋስ ብቻ ያለበት ቦታ ነው። ከአምስቱ ፎቶዎች የጠራውን መርጣ ላከች። የቀበሌውን ስም ጻፈች። ሌላውን ፎቶ እንድትተወው፣ በዚህ እንድትተካው፣ የአባቷ ስምም እንዳይነሳ ለወለላ ነገረቻት።

መልሱ ሳይዘገይ መጣ። «በጣም ግልጽ ነው። ከዚህ የተሻለ አልተላከም። የማሳው ባለቤት ስም ይቅር። የፎቶ አንሺዋን ስም ግን መጻፍ አለብኝ፤ ሙሉ ስምሽን ላኪልኝ። የመጀመሪያሽ ነው።»

ትህትና የራሷን ስም ጻፈች። ወለላ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ቅጠሎች አስታወሰች፤ በመስታወት ሥር የእሷም ስም ተጽፎ በሐሳቧ ታያት። ከዚያ ጣቷ የአባቷን ስም ሊጽፍ ሄደ፤ ፈ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሷ ትህትና ፈንታሁን ካለች፣ ማሳው የማን እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ከታች ጋሼ አግማስ ማሳ ላይ አራቱ አጫጆች የመጨረሻውን ረድፍ ይዘዋል። ከዚህ ሆኖ አባቷ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

የጻፈችውን አንድ በአንድ አጠፋችው። «ስም አይኑረው፣ እትዬ» ብላ ላከች። መሄዱን እስክታይ ጠበቀችና ስልኩን ኪሷ ከታ፣ ነዶ ልትሸከም ቁልቁል ወረደች።